ቤት ውስጥ ስፖርት ስትጀምሩ ካርዲዮንና የጡንቻ ሥራን እንዴት ታመጣጥናላችሁ?

«ሩጫ ይሻለኛል ወይስ ጡንቻ ልሥራ?» ስፖርት ለመጀመር ያሰበ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። አንዱ ክብደት መቀነስ ይፈልጋል፣ ሌላዋ ወገቧን ስለሚያማት መጠንከር ትፈልጋለች፣ ሌላው ደግሞ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ እያጠረው ተቸግሯል። ጥያቄው ከደብረ ማርቆስም ከባሕር ዳርም ከፍኖተ ሰላምም አንድ ዓይነት ሆኖ ስለሚመጣ መልሱን ሙሉውን እዚህ ጽፌዋለሁ።

መልሱ ሁለቱንም ሥሩ ነው። ስንት ስንት እንደሚሆን ግን የሚወሰነው አሁን በምትኖሩት ሕይወት ነው። በየቀኑ አንድ ሰዓት በእግሯ የምትሄድ ተማሪና ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ ተቀምጦ የሚውል ሹፌር አንድ ዓይነት ፕሮግራም ሊኖራቸው አይገባም።

ካርዲዮ የሚባለው ልብና ሳንባን ለረጅም ደቂቃ የሚያሠራ እንቅስቃሴ ነው፤ ፈጣን እርምጃ፣ ሶምሶማ፣ ገመድ ዝላይ፣ ብስክሌት። የጡንቻ ሥራ ደግሞ ጡንቻ ከብዶት በጥቂት ድግግሞሽ እንዲደክም የሚያደርግ ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም። የሚሮጥ ሰው ልቡ ጠንካራ ሆኖ ትከሻውና ጀርባው ደካማ ሊሆን ይችላል፤ ብረት የሚያነሳም ትንሽ ዳገት ሊያንገበግበው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያስቀመጠው መለኪያም ሁለቱን አጣምሮ ነው፤ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ 2 ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎችን ማሠራት። ይህ የምትደርሱበት እንጂ በመጀመሪያው ሳምንት የምትጀምሩበት መጠን አይደለም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሁለት ክንድ በሁለት ክንድ የሚሆን ባዶ ወለል። ሰሌን ወይም ምንጣፍ አንጥፉበት። ሊሾ ወለል ላይ ካልሲ ብቻ አድርጋችሁ አትሥሩ፤ ያንሸራትታል።
- መደብ፣ ወይም የማይወዛወዝ ዱካ ወይም ወንበር። መደብ ያለው ቤት የታደለ ነው፤ አይንቀሳቀስም፣ አይገለበጥም፣ ቁመቱም ለጀማሪ ይስማማል። የፕላስቲክ ወንበር አትጠቀሙ፤ እግሩ ይከፈታል።
- ውሃ የምትሞሉባቸው ሁለት ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን፣ በደንብ የሚዘጋ ክዳን ያለው።
- አንድ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ፣ ለመለኪያ።
- ቀለል ያለ ገመድ፣ መዝለል ለምትፈልጉ።
- ሶሉ ያላለቀ ስኒከር፤ ለውጭ ሩጫ ብቻ። ቤት ውስጥ የጡንቻ ሥራ በባዶ እግር ይቻላል።
- ሰዓት ያለው ስልክ፣ ደብተርና እስክሪብቶ።

ደብተሩን አትናቁት። ባለፈው ሳምንት ስንት እንደሠራችሁ ካልጻፋችሁ በዚህ ሳምንት ስንት እንደምትጨምሩ አታውቁም።

ከመጀመራችሁ በፊት

የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም ወይም አስም ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ በቅርቡ የወለዳችሁ ወይም ቀዶ ሕክምና ያደረጋችሁ፣ ወይም ለረጅም ዓመት ምንም ሳትንቀሳቀሱ ቆይታችሁ ዕድሜያችሁ የገፋ ከሆነ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ። በተለይ ግፊታችሁን ተለኩ። ብዙ ሰው ግፊት እንዳለበት ሳያውቅ ይኖራል፤ ከባድ ነገር ትንፋሽ ይዞ ማንሳት ደግሞ ግፊትን ለጊዜው በጣም ከፍ ያደርጋል።

1. ያለፈውን ሳምንት ቁጠሩ

ደብተሩን ክፈቱና ካለፈው ሰኞ እስከ እሑድ ሰውነታችሁ የሠራውን ጻፉ። ስንት ደቂቃ በፍጥነት ተራመዳችሁ? ስንቴ ውሃ ተሸከማችሁ? ስንት ሰዓት ተቀመጣችሁ?

ለምን? ጎጃም ውስጥ ብዙ ሰው ሳያውቀው ካርዲዮ ይሠራል። ከቤቷ እስከ ትምህርት ቤቷ ግቢ ድረስ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብላ የምትሄድና የምትመለስ ተማሪ በ5 ቀን 300 ደቂቃ አላት። ለእሷ ተጨማሪ ሩጫ ከመፈለግ ይልቅ የጎደላትን የጡንቻ ሥራ መጨመር ይበጃታል። ከገበያ መልስ ዘንቢል ይዞ ዳገት መውጣትም ይቆጠራል። እየተጫወቱ ዝግ ብሎ መሄድ ግን ለጤና ጥሩ ቢሆንም እዚህ ውስጥ አታስገቡት፤ ትንፋሻችሁ ትንሽ ከፍ ሲል ብቻ ነው የሚቆጠረው።

ቆጥራችሁ ስትጨርሱ ራሳችሁን ከሦስቱ በአንዱ መድቡ፤

- ብዙ የምትራመዱ፦ 3 ቀን የጡንቻ ሥራ፣ 1 ቀን ካርዲዮ።
- ሱቅ፣ ቢሮ ወይም መኪና ውስጥ ተቀምጣችሁ የምትውሉ፦ 2 ቀን የጡንቻ ሥራ፣ 3 ቀን ካርዲዮ።
- በእርሻ፣ በግንባታ ወይም በጭነት የምትሠሩ፦ 2 ቀን አጭር የጡንቻ ሥራ፣ በተለይ ለጀርባና ለሆድ፣ 1 ቀን ቀላል ካርዲዮ። አጨዳ ወይም አረም ላይ ከዋላችሁ በዚያ ሳምንት የጡንቻውን ሥራ ወደ አንድ ቀን ዝቅ አድርጉ። ሲያጭድ የዋለ ወገብ ማታ ጀሪካን ቢጨመርበት ከመጎዳት በቀር የሚያገኘው የለም።

2. ቀናቱን መድቡ

ለብዙ ጀማሪ የሚሠራው ሳምንት ይህ ነው፤

- ሰኞ፦ የጡንቻ ሥራ (25–30 ደቂቃ)
- ማክሰኞ፦ ካርዲዮ (20 ደቂቃ)
- ረቡዕ፦ ዕረፍት
- ሐሙስ፦ የጡንቻ ሥራ፣ ከቻላችሁ ከእሱ ቀጥሎ 10 ደቂቃ ካርዲዮ
- ዓርብ፦ ዕረፍት
- ቅዳሜ፦ ረዘም ያለ ካርዲዮ (30 ደቂቃ)
- እሑድ፦ ዕረፍት

ረቡዕንና ዓርብን ለዕረፍት ያደረግኳቸው ለሚጾሙ እንዲመች ብዬ ነው። የማይጾም ሰው ቀናቱን ሊለዋውጥ ይችላል፤ ግን አንድ ሕግ ይጠብቅ፤ በሁለት የጡንቻ ሥራዎች መካከል ቢያንስ 48 ሰዓት ይኑር። ሥራው ጡንቻን ያደክማል፤ ጡንቻው የሚጠነክረው ግን ከሥራው በኋላ ሲያርፍ፣ ሲበላና ሲተኛ ነው። ሰኞ ሠርታችሁ ማክሰኞ ያንኑ ብትደግሙ ያልዳነውን ትሠሩታላችሁ።

ሦስት ቀን የጡንቻ ሥራ የደረሳችሁ ቅዳሜን ጨምሩና ማክሰኞን ለካርዲዮ ተዉት። ሦስት ቀን ካርዲዮ የደረሳችሁ የሐሙሷን 10 ደቂቃ አትዝለሏት።

3. ሰውነታችሁን አሟሙቁ (ከ5 እስከ 8 ደቂቃ)

በቦታችሁ እየረገጣችሁ ጀምሩ። ከዚያ ትከሻችሁን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አዙሩ፣ ዳሌያችሁን አሽከርክሩ፣ ቁርጭምጭሚታችሁን አንቀሳቅሱ፣ መጨረሻ ላይ 10 ጊዜ በቀስታ ቁጢጥ ብላችሁ ተነሱ። ሰውነታችሁ ሞቅ ብሎ ትንፋሻችሁ ትንሽ ከፍ ካለ በቂ ነው።

ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት 12 ሰዓት የሚሠራ ሰው 8 ደቂቃውን በሙሉ ይጠቀም። ብርድ ላይ ያልሞቀ ጡንቻ በድንገት ሲጎተት ይጎዳል። እግርን ይዞ ረጅም ጊዜ መለጠጥን ግን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ከሥራ በፊት ረጅም መለጠጥ ጉልበታችሁን ለጊዜው ይቀንሳል።

4. የጡንቻ ሥራ፦ ስድስት እንቅስቃሴ

እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ሥሩ፤ ስድስቱን ስትጨርሱ አንድ ዙር ይባላል። ሁለት ዙር ሥሩ። በእንቅስቃሴዎቹ መካከል ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ዕረፉ። ስታቆሙ «ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መጨመር እችል ነበር» የምትሉበት ላይ አቁሙ። እስኪያንቀጠቅጣችሁ መሄድ ለጀማሪ አያስፈልግም፤ ደክሞ የሚሠራ ሰው አሠራሩ ይበላሻል፣ ጉዳቱም የሚመጣው ከዚያ ነው።

ትንፋሽን በተመለከተ፦ ስትወርዱ ሳቡ፣ ስትነሱ ወይም ስትገፉ አስወጡ። በፍጹም አፍናችሁ አትያዙ።

ሀ. ቁጢጥ ብሎ መነሳት (ስኳት)። ጀርባችሁን ለመደቡ ሰጥታችሁ ቁሙ። እግራችሁ በትከሻችሁ ልክ ይከፈት፣ ጣቶቻችሁ ትንሽ ወደ ውጭ ይዙሩ። መቀመጫችሁን ወደ ኋላ እየላካችሁ ቀስ ብላችሁ ውረዱ፣ መደቡን ነካ አድርጉና ሳትዘረጠጡ ተነሱ። ጉልበታችሁ ወደ ውስጥ አይግባ፤ የጣታችሁን አቅጣጫ ይከተል። ተረከዛችሁ ከመሬት አይነሳ። ይህ ጭንንና መቀመጫን ያጠነክራል፤ ጉልበትን ከሕመም የሚጠብቁት እነዚህ ጡንቻዎች ናቸው። ሲቀላችሁ 5 ሊትሯን ጀሪካን ደረታችሁ ላይ አቅፋችሁ ሥሩ።

ለ. ፑሽ አፕ። መሬት ላይ አትጀምሩ። መጀመሪያ ግድግዳ ተደግፋችሁ፣ ሲቀላችሁ መደብ ላይ፣ ከዚያ በኋላ መሬት ላይ። እጃችሁ ከፍ ያለ ነገር ላይ ሲሆን የሚሸከመው ክብደት ይቀንሳል፤ ስለዚህ መደብ ላይ 12 ጊዜ በትክክል መሥራት መሬት ላይ 3 ጊዜ እየተንቀጠቀጡ ከመሥራት ይሻላል። ከራስ እስከ ተረከዝ ቀጥ በሉ፤ ወገባችሁ አይርገብ። ክርናችሁን ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን አትክፈቱት፣ ወደ ጎድናችሁ ጠጋ ይበል፤ ካልሆነ ትከሻ ያማል።

ሐ. ጀሪካን መሳብ። ግራ እጃችሁን መደብ ላይ ተደገፉ፣ ወደ ፊት ጎንበስ በሉ፣ ጀርባችሁ ቀጥ ይበል። በቀኝ እጃችሁ ጀሪካኑን ከመሬት አንስታችሁ ወደ ዳሌያችሁ ሳቡት፣ ቀስ ብላችሁ መልሱት። ከዚያ እጅ ቀይሩ። ሰው ሁሉ ፑሽ አፕ ይሠራል፤ ጀርባውን ግን ይረሳዋል። ደረቱ ብቻ የጠነከረ ሰው ትከሻው ወደ ፊት እየተሳበ ይጎብጣል። ስለዚህ ለገፋችሁት ያህል ሳቡ።

መ. መቀመጫ ማንሳት፣ ቀጥሎም ከዳሌ ታጥፎ ማንሳት። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በጀርባችሁ ተኝታችሁ፣ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ፣ መቀመጫችሁን ወደ ላይ አንሱ፤ ላይ ሁለት ሰከንድ ቆዩ። ከዚያ በኋላ ጀሪካኑን በሁለት እግራችሁ መካከል አስቀምጡ። ጉልበታችሁን ጥቂት ብቻ አጥፋችሁ መቀመጫችሁን ወደ ኋላ ላኩ፣ ጀርባችሁ ቀጥ እንዳለ ጀሪካኑን ያዙት፣ ዳሌያችሁን ወደ ፊት እየገፋችሁ ቀጥ በሉ።

ከስድስቱ ጊዜ ወስዳችሁ እንድትለምዱት የምፈልገው ይህንን ነው። የጤፍ ኩንታል ሲነሳ፣ ከጉድጓድ ውሃ ሲቀዳ፣ ልጅ ከመሬት ሲታቀፍ ወገቡን የሚቀጨው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጀርባውን አጉብጦ፣ ዕቃውን ከራሱ አርቆ የሚያነሳ ነው። በ5 ሊትር ጀሪካን በትክክል መታጠፍ የለመደ ሰው ከባዱንም ዕቃ እንደዚያው ያነሳል። ትክክል መሆናችሁን ለማወቅ የመጥረጊያ እጀታ በጀርባችሁ ላይ ቁም አድርጋችሁ ያዙ፤ የራስ ቅላችሁን፣ የጀርባችሁን መካከልና መቀመጫችሁን እንደነካ ታጠፉ። ከሦስቱ አንዱ ከለቀቀ ጀርባችሁ ጎብጧል ማለት ነው።

ሠ. ፕላንክ። በክርናችሁና በጉልበታችሁ ተደግፋችሁ ሰውነታችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ። ሲቀላችሁ ጉልበታችሁን አንስታችሁ በእግር ጣታችሁ። ወገባችሁ መርገብ ከጀመረ ሰከንዱ ባይሞላም አቁሙ።

ረ. ሁለት ጀሪካን ይዞ መራመድ። በሁለቱም እጃችሁ እኩል ይዛችሁ ግቢውን ወይም ክፍሉን ለ30 ሰከንድ ተመላለሱ። ትከሻችሁ ወደ ጆሮ አይውጣ፤ ወደ ጎን አትዘንበሉ። የእጅ ጥንካሬን፣ ሆድንና ጀርባን አንድ ላይ ያሠራል። ለቤት ውሃ ስትቀዱም አንድ ትልቅ ጀሪካን በአንድ እጅ ከማንጠልጠል ሁለት ትናንሾችን በሁለት እጅ ያዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ጀሪካን ከማንሳታችሁ በፊት እጀታው ያልተሰነጠቀ መሆኑን እዩ፣ ክዳኑንም አጥብቁ። ሊሾ ላይ የፈሰሰ ውሃ ሰው ይጥላል። ሕፃናት አጠገባችሁ አይሁኑ።

5. ካርዲዮ፦ መለኪያው ንግግራችሁ ነው

እየሠራችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ መካከለኛ ላይ ናችሁ። ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ተናግራችሁ ትንፋሽ ካቋረጣችሁ ከፍተኛ ላይ ናችሁ። ለመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት መካከለኛው ላይ ቆዩ። የልብ ምት መቁጠር ለምትፈልጉ፣ ለ15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 አባዙ። ከ220 ላይ ዕድሜያችሁን ስትቀንሱ ከፍተኛው ግምታዊ ምታችሁ ይወጣል፤ የ30 ዓመት ሰው 190 ነው፣ መካከለኛውም ከ120 እስከ 145 አካባቢ ይሆናል። አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች የልብ ምትን ስለሚቀንሱ እነዚያን የምትወስዱ በንግግር መለኪያው ብቻ ተጠቀሙ።

ከኢንተርኔት ላይ «5 ኪሎ ሜትር በዚህን ያህል ደቂቃ» የሚለውን አትከተሉ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ናቸው። ከፍታው ሲጨምር በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ስለሚቀንስ በዚያው ፍጥነት ልባችሁ የበለጠ ይመታል። ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ የተዛወረ ሰውም የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ሳምንት ፍጥነቱን ቀንሶ ይሥራ።

ውጭ ለመሥራት፦ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ ፈጣን እርምጃ፤ ይህን 7 ጊዜ ደጋግሙ፣ 21 ደቂቃ ይሆናል። ባሕር ዳር ላይ የጣና ዳርቻ ሜዳማ ስለሆነ ለጀማሪ ጥሩ ነው። ቤዛዊት ኮረብታን ለሁለተኛው ወር አቆዩት፤ አወጣጡ ልብን ይፈትናል፣ ቁልቁለቱ ደግሞ ያልጠነከረ ጉልበትን ይመታል። ኮረብታማ ከተማ ውስጥ የምትኖሩ ዳገቱን በእርምጃ ውጡ፣ ሶምሶማውን ሜዳው ላይ አድርጉት። ጠዋት ገና ሳይነጋ አትውጡ፤ ውሻም አለ፣ መኪናም አያያችሁም።

ቤት ውስጥ ለመሥራት፦ ከጉልበት በታች የሆነ ጠንካራ ደረጃ ላይ መውጣትና መውረድ፣ በቦታ ላይ መርገጥ፣ ገመድ ዝላይ (20 ሰከንድ ዝላይ፣ 40 ሰከንድ ዕረፍት)። ሙዚቃ ከፍታችሁ 10 ደቂቃ እስክስታ መምታትም ሙሉ ካርዲዮ ነው፤ የእኛን አገር እስክስታ ሳያቋርጥ 10 ደቂቃ የመታ ሰው ላቡ ምስክሩ ነው። ክረምቱ ሲገባ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃው መንገዱን ሲይዘው፣ ፕሮግራሙ እንዳይቋረጥ የሚያደርገው ይህ የቤት ውስጥ አማራጭ ነው። ክብደታችሁ ከፍ ያለ ወይም ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ዝላዩን ትታችሁ እርምጃውን ያዙ።

6. አንድ ቀን ላይ ሲገጥሙ የጡንቻውን አስቀድሙ

ሐሙስ ላይ ሁለቱን ስትሠሩ መጀመሪያ ጀሪካኑ፣ በኋላ ሩጫው። በሩጫ የዛለ እግር ስኳት ሲሠራ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ የደከመ ጀርባም ይጎብጣል። ከጀሪካን በኋላ ቀስ ብሎ መሮጥ ግን ብዙ አደጋ የለውም። ዋና ዓላማችሁ የሩጫ ውድድር ከሆነ ብቻ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ጊዜ ያላችሁ ደግሞ አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ማታ አድርጉት፤ በመካከላቸው 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቢኖር ሁለቱም በተሻለ ጉልበት ይሠራሉ።

7. በየሳምንቱ ጥቂት ጨምሩ፣ አንድ ነገር ብቻ

ለካርዲዮ፦ በሳምንት በአንዱ ቀን ላይ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጨምሩ። መጀመሪያ ደቂቃውን፣ ፍጥነቱን በኋላ። ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ፤ ጅማትና መገጣጠሚያ ግን ወራት ይፈልጋሉ። «ትንፋሼ ችሏል» ብሎ በአንዴ እጥፍ የሚሮጥ ሰው የባቱን አጥንትና ጉልበቱን የሚያመው በዚህ ምክንያት ነው።

ለጡንቻ፦ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ሁለቱን ዙር በ12 ድግግሞሽ ለሁለት ተከታታይ የጡንቻ ሥራ ቀናት በትክክል ከሠራችሁ ሦስተኛ ዙር ጨምሩ። እሱም ሲቀላችሁ ክብደት ጨምሩ፣ ድግግሞሹን ወደ 8 መልሱ። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ስለሚመዝን በሃይላንዱ እየለካችሁ መጨመር ትችላላችሁ፤ ጂም ውስጥ ያለ ብረት እንኳን ብዙ ጊዜ ይህን ያህል ተመጥኖ አይጨመርም። አንድ ችግር አለው፤ ግማሽ የሞላ ጀሪካን ውስጥ ውሃው ስለሚዋልል እጅን ይጎትታል። ይህን ካልወደዳችሁት ደረቅ አሸዋ ጨምሩበት፤ አሸዋ ከውሃ ስለሚከብድ ሞልቶ ከ5 ኪሎ በላይ ይሆናልና በጥቂቱ ጀምሩ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉውን ከ20 ኪሎ በላይ ነው፤ እሱን ከመንካታችሁ በፊት «መ» ላይ ያለውን አሠራር በደንብ ልመዱ።

8. ምግብ፣ ውሃና ጾም

ጡንቻ ከፕሮቲን ይሠራል፤ ለዚያ ደግሞ ውድ ዱቄት መግዛት አያስፈልግም። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ 200 ግራም የበሰለ ምስር ደግሞ 18 ግራም ያህል። ሽሮ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ በየማዕዱ ይኑር፤ በፍስክ እንቁላል፣ እርጎና አይብ ጨምሩ። እንጀራው ብቻውን፣ ድንቹ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ አይበቃም። ከካርዲዮ ከአንድ ሰዓት በፊት በሶ በጥብጦ መጠጣት ወይም አንድ እፍኝ ቆሎ መቆርጠም ጥሩ ጉልበት ይሰጣል።

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት እስከ 9 ሰዓት ውሃም ሳይቀምሱ የሚቆዩ ሰዎች ጠዋት ከባድ ሥራ አይሥሩ። በላብ የወጣውን ውሃ ለብዙ ሰዓት መተካት ስለማይችሉ ራስ ምታትና ማዞር ይመጣል። ከተፈታ በኋላ በልታችሁ፣ ሁለት ሰዓት ቆይታችሁ፣ ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ሥሩ። በጾሙ ወቅት አዲስ ክብደት አትጨምሩ፤ ያላችሁን መጠበቅ ይበቃል። በሰሙነ ሕማማት፣ በተለይ በስቅለት ዕለት፣ ብዙ የምትሰግዱ ከሆነ በዚያ ሳምንት የእግር ሥራን ዝለሉ። ስግደቱ የሚደረገው ለእግዚአብሔር ነው፤ ጭንና ወገብ ግን መድከማቸው አይቀርም፣ እስከ ፋሲካ ማግሥት ዕረፍት ስጧቸው።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

ፌስታል ወይም ወፍራም ጃኬት ለብሶ መሮጥ። በዚህ የሚወጣው ውሃ ነው፤ ውሃ ስትጠጡ ክብደቱ ይመለሳል። ባሕር ዳር ሙቀት ላይ ደግሞ ራስን እስከ መሳት ያደርሳል። ይህን እባካችሁ ተዉ።

ሆድ ለማጥፋት ሲት አፕ ብቻ መሥራት። ስብ ከምታሠሩት ቦታ ለይቶ አይቀንስም፤ የሚቀንሰው ከመላው ሰውነት ነው፣ ለዚያ ደግሞ የምግብ መጠንና የሳምንቱ ጠቅላላ እንቅስቃሴ ይበልጣሉ።

«ጡንቻ ያወጣብኛል» ብሎ ክብደት መፍራት። ይህን የሚሉኝ በተለይ ሴቶች ናቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ማንሳት ማንንም የወንድ ትከሻ አያስወጣም፤ አጥንትን ግን ያጠነክራል፣ ዕድሜ ሲገፋ የአጥንት መሳሳትን ለመከላከል ይረዳል።

በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም መሥራት። በማግሥቱ ደረጃ መውረድ ያቅታችኋል፣ ሳምንቱም በዚያው ያልቃል።

ሕመምን አለመለየት። ከሥራው በማግሥቱ ጀምሮ በሁለተኛው ቀን የሚብስ፣ ሁለቱንም እግር እኩል የሚይዝ የጡንቻ ቁርጥማት የተለመደ ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቃል፣ ቀስ ብሎ መራመድም ያቀልለዋል። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ፣ አንድ ወገን ብቻ የሚይዝ ወይም የሚያብጥ ሕመም ግን የተለመደ አይደለምና ያንን እንቅስቃሴ አቁሙ። ወለምታ ከገጠማችሁ በኃይል አታሳሹት።

ወዲያው አቁማችሁ ጤና ተቋም የምትሄዱባቸው ምልክቶች፦ ደረት ላይ የሚጫን ወይም ወደ ክንድና ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ዕረፍት ላይ የማይረጋጋ የልብ ምት፣ ከዕረፍት በኋላም የማይመለስ ትንፋሽ። ከከባድ ሥራ በኋላ ጡንቻ አብጦ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረም በዚያው ቀን ሂዱ፤ የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

ካቋረጣችሁ

ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ጉንፋን፣ ፈተና፤ ማቋረጥ አይቀርም። አንድ ሳምንት ከሆነ ካቆማችሁበት ቀጥሉ። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ከሆነ ዙሩንና ደቂቃውን በግማሽ ቀንሳችሁ ጀምሩ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ነበራችሁበት ተመለሱ። ከወር በላይ ከሆነ እንደ አዲስ ጀምሩ፤ ሰውነት የለመደውን ቶሎ ስለሚያስታውስ ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ያጥራል። ጉንፋኑ ከአንገት በላይ ብቻ ከሆነ ቀላል እርምጃ ይቻላል፤ ትኩሳት ወይም የደረት ሳል ካለ ግን ሙሉ በሙሉ እስኪለቃችሁ ምንም አትሥሩ።

8 ሳምንት ሲሞላ ደብተሩን ከፍታችሁ የመጀመሪያውን ሳምንት አሠራርና የአሁኑን አስተያዩ፤ ከዚያ ቁጥር 1 ላይ ያለውን ቆጠራ እንደገና ሥሩ። ሥራ ቀይራችሁ ወይም ቤት ለውጣችሁ ከሆነ የእግር መንገዳችሁ ተለውጧልና የካርዲዮውና የጡንቻው ድርሻም አብሮ ይለወጥ።